በጾም የተነጠረ ቅቤ

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ቀኑ ደብረ ዘይት፣ ሁዳዴ እኩሌታው ላይ። ሌላ ሰው እንዳይጠረጠር አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነው።

ትናንት የወጥ ቤቱን መሳቢያ ሳጸዳ የድሮ መቀሴን አገኘኋት። አንዱ እጀታዋ ተሰብሮ በፕላስተር ጠቅልዬው ነበር። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት፤ ብረት ብረት ትላለች። ያኔ የጋዜጣ ቀለም ነበር የምትሸተው።

ያኔ እዚህ አሜሪካ ፌርፋክስ ገና የኛ የሐበሾች ሰፈር አልተባለም። ፎቅ ላይ እኔ፣ ባሌና እህቱ እንኖራለን። እኔ እትዬ እላታለሁ። እሷ ከተጋባን በአራተኛው ዓመትም ሙሽሪት ነበር የምትለኝ። ልጅ እንዳልወለድኩ እንዳልረሳ ይመስለኛል።

ከጋዜጣ የዋጋ ቅናሽ ኩፖን መቁረጥ ያስተማረችኝ ታች ቤት የምትኖር አይሁዳዊት አሮጊት ናት። እሁድ ጠዋት ፀሐይ በወጥ ቤቷ መስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ትተኛለች፤ አሮጊቷ ወፍራሙን ጋዜጣ ዘርግታ ትቆርጣለች። ደረጃው ላይ ሆኜ የመቀሱን ድምፅ እሰማ ነበር። አንድ እሁድ ጠርታ አስቀመጠችኝ።

"በሚያስፈልግሽ ቀን አትግዢ፤ በሚረክስበት ቀን ገዝተሽ አስቀምጪ" አለችኝ። "ደግሞ ርቦሽ ሱፐርማርኬት አትግቢ።"

"ሁዳዴ ነው፤ ሁልጊዜ ይርበኛል" አልኳት።

መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። "እንግዲያው የምትገዢውን ጽፈሽ ያዢ። ያልጻፍሽውን እጅሽ እንዳይነካ።"

እንዳለችኝ አደረግኩ። ኩፖኖቹን ቀናቸው በሚያልፍበት ተራ አሮጌ ፖስታ ውስጥ ደረደርኳቸው። መጀመሪያ ቀን ካሸሯ ፊት አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እትዬ ግን ከመጽሔቶቹ ጋ እንደማታውቀኝ ሆና ቆመች። ውጪ ስንወጣ፣ "ሙሽሪት፣ ወረቀት ይዘሽ ስትለምኚ እኔን ይዘሽኝ አትምጪ" አለችኝ። ያመጣሁትን ግን ትበላ ነበር።

በዓመቱ፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ዌስት አዳምስ የምትኖር ጓደኛዬ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ሰማንያ ቀን የሚሞላት ከፋሲካ በኋላ በሳምንቱ ነው። ጓደኛዬ አራስ ቤት እጄን ይዛ፣ "ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዳይፐር ኩፖን ለብቻው ፖስታ ኖረው። የሌላው ሁሉ ወሬ ቢቀር ይቀራል፤ የዚህችን ልጅ ነገር ግን አወራለሁ።

ሁዳዴ በገባ በአራተኛው ሳምንት የቅቤና የዶሮ ኩፖን መጣ። ቀኑ ከፋሲካ በፊት ያልፋል፤ ሱፐርማርኬቱ ደግሞ በዚያ ሳምንት የኩፖኑን ቅናሽ እጥፍ ያደርግ ነበር። ለፋሲካ ብዬ ገዛሁ። ዶሮዎቹ ፍሪዘሩን ሞሉት። ቅቤው ቦታ አጣ፤ አንጥሬ በጠርሙስ ላድርገው አልኩ። ሐሙስ ቀን፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ኮረሪማና ኮሰረት ጨምሬ ጣድኩት። አልቀመስኩም። ጣቴን የነካውን እንኳ በሳሙና ታጠብኩ። ሽታው ግን መስኮት አልበቃው ብሎ በደረጃው ወረደ፤ መጋረጃው ላይም ተቀመጠ።

እትዬ ከሥራ ገባች።

"ምን ጉድ ነው ይሄ?"

"ለፋሲካ ነው እትዬ። ኩፖኑ ኤክስፓየር ሊያደርግ ነው፤ ፍሪዘሩም ሞልቷል።"

መጥታ ድስቱን አየች። "ኦኬ። ኮረሪማ አሳንሰሻል" ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። እንግዲህ ታውቃለች ማለት ነው።

እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አራሷን ልንጠይቅ ሄድን። ሴቶቹ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ እኔ ወጥ ቤት የተበላበትን ሳህን አጥባለሁ። የእትዬን ድምፅ ሰማሁ።

"የኛ ቤት ሁዳዴ የለም። ሙሽሪት ቅቤ ታነጥራለች።"

"ለማን?" አለች አንዷ እየሳቀች።

"ለማን ይመስልሻል? ወንድሜ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው።"

በእርጥብ እጄ ወጣሁ። "ለፋሲካ ነው። ለእትዬ ነግሬያታለሁ።"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የነገረኝ ሽታው ነው" አለች። ከዚያ ድምፅዋን አለስልሳ፣ "ልጅ ክርስትና የምታነሳ ሴት እኮ መጠንቀቅ አለባት" ስትል ጨመረች።

ጓደኛዬ ሕፃኗን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዞረቻት። ማልቀስ ነበረብኝ ይሆናል። እኔ ያየሁት ከእጄ የሚንጠባጠበው ውሃ ምንጣፉን ሲያጠቁር ነው።

በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ደወለች። "እኔ አንቺን ጠርጥሬ አይደለም። ሰው ያወራል። ሶ፣ እትዬ ታንሳት ብለናል።"

"ኦኬ" አልኳት።

ለባሌ ነገርኩት። "እህቴ ናት፤ ምን ላድርግ?" አለና ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገው።

ለፋሲካ ዶሮውን በዚያው ቅቤ ሠራሁት። እትዬ ሁለቴ አስጨመረች። "ዘንድሮ ሆነልሽ፣ ሙሽሪት" አለችኝ። እንቁላል ጨመርኩላት። ለምን እንደጨመርኩላት እስከ ዛሬ አላውቅም።

የክርስትናው ዕለት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ያጠራቀምኩትን ዳይፐር ይዤ በአውቶቡስ ዌስት አዳምስ ሄድኩ። ሁለት ካርቶን ነበር፤ አንዱ ለአራስ፣ አንዱ ከፍ ስትል የሚሆናት። ደጃቸው ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ።

በዚያው ሳምንት ልብሴንና መቀሴን ይዤ ወጣሁ። ራቅ ብሎ ቫን ናይስ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ባሌ ሁለቴ መጣ፤ አልከፈትኩለትም። እትዬ ስትሞት ለቀብር አልሄድኩም።

እሁድ እሁድ ኩፖን መቁረጤን አልተውኩም። የዳይፐሩም ሲመጣ ቆርጬ በፖስታው አኖረው ነበር፤ ቀኑ ሲያልፍ አውጥቼ እጥለዋለሁ። ልጅቷ ከዳይፐር ወጥታለች ብዬ እስካሰብኩ ድረስ እንዲሁ አደረግኩ። ከዚያ ተውኩት።