ለእይታ ሲባል የፈረሰው ቤት

በጃንሆይ ዘመን ጋይንት ውስጥ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች ትንሽ ከተማ አስተምር ነበር። የምኖረው ጠላ እየሸጡ የሚተዳደሩ አንዲት ባል የሞተባቸው ሴት ዘንድ ተከራይቼ ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። ጉም የሌለ ቀን ከደጃቸው እስከ ስማዳ ድረስ ቆላው ወለል ብሎ ይታያል። እኔ ጧት ጧት ቆሜ ሳይ «ገደል ምኑ ይታያል?» እያሉ ይስቁብኛል።

መስቀል እንዳለፈ፣ የውጭ አገር እንግዶች የቤተ ልሔምን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ለማየት ሲያልፉ እኛ ከተማ ያርፋሉ ተባለ። እንግሊዝኛ ስለምችል የከተማው ሹም አስጠሩኝ።

«እኛስ ምን እናሳያቸው?» አሉኝ።

መጠየቄ አኮራኝ። አፌ ቀደመኝና «ከእትዬ ደጅ የሚታየው ቆላ የትም አይገኝም» አልኳቸው።

በሳምንቱ ለእትዬ ደብዳቤ መጣ። ማንበብ ስለማይችሉ ያነበብኩላቸው እኔው ነኝ። ቤቱ እይታ ስለሚጋርድ ይፍረስ፣ ምትክ ቦታ ይሰጣቸዋል ይላል።

«ከዚህ ሁሉ አገር የኔን ደጅ ማን አሳያቸው?» አሉ።

ደብዳቤውን አጥፌ መለስኩላቸው።

ቤቱ በአንድ ቀን ፈረሰ። እኔ ሌላ ክፍል ተከራየሁ፤ እሳቸው ጎረቤት ማድ ቤት ተጠጉ። ምትክ የተባለውን ቦታ ያየ የለም።

እንግዶቹ የመጡ ዕለት ከተማው ነጭ ለብሶ መንገድ ዳር ተሰለፈ። እትዬም እንደ ሰው ውጡ ተብለው ወጥተዋል። ቆላው ግን ጥቅጥቅ ባለ ጉም ተሸፍኗል። እንግዶቹ ገደሉ አፍ ላይ ቆመው ጥቂት ጠበቁ፤ ምንም አልታየም። አንዲቱ ፈረንጅ ዞር ስትል የእትዬን ምድጃ አየች። ሦስቱ ጉልቻ ከነጥላሸቱ እዚያው ቀርቷል።

«የጥንት ሰዎች መኖሪያ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለሹሙ ነገርኳቸው።

«አዎ በላት እንጂ!» አሉ።

አዎ አልኳት። ደስ ብሏት ተንበርክካ ፎቶ አነሳች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ቀና ስል እትዬ እኔን እያዩ ነው፤ እጃቸው ኩታቸው ውስጥ ነበር።

ምሽቱን ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «እትዬ፣ ደጅዎን ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ሹሙ ሊያፈርሱ የመጡ ዕለት ነግረውኛል። አንተ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት። አሁንም ምድጃዬን የጥንት ካደረግኸው በኋላ መጣህ።»

ይቅር አላሉኝም፤ አልሰደቡኝምም። በማግስቱ ጋናቸውን አህያ ላይ አስጭነው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንድ ሙክት ገዝቼ ተከተልኳቸው። ወንድማቸው በክብር ተቀብለው ደጅ አስቀመጡኝና ሊነግሯቸው ገቡ። የእትዬን ድምፅ ከውስጥ ሰማሁት። ወንድማቸው አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ‹የለችም በለው› ትላለች» አሉኝ።