ሳይበጠስ የሚረግብ

የልብስ ሰፊዋ ልጅ ጥርሶቿ ሽቦ ታስረው፣ የላዮቹ ከታች መንጋጋዋ ጋር በተያያዘ ላስቲክ እየተጎተቱ ስድስት ወር አለፋቸው። ንቅንቅ አላሉም።

የጥርስ ሐኪሙ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀም። “ላስቲኩን እያወለቅሽ ነው። የዛሬ ሁለት ወር ቀጠሮሽ ሽቦውን አወልቀዋለሁ።”

“ስተኛም አላወልቀውም፣ ዶክተር” አለች ልጅቱ።

አጠገቡ የቆመችው ነርስ አመነቻት። ሐኪሙን ግን ክሊኒኩ ሁሉ በስውር “ዶክተር እስኪበጠስ” ይለዋል፤ ለታካሚው ሁሉ ምክሩ አንድ ነውና፦ “እስኪበጠስ አትቀይሩ።” ለእሱ ያልተበጠሰ ላስቲክ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። በዚህ ሒሳብ እሱም ወንበሩ ላይ እስከተቀመጠ ድረስ እየሠራ ነበር።

እናትየው በሩ ላይ ነርሷን ያዝ አደረገቻት። “ሲስተርዬ፣ እኔ ቤት ስንት ቀሚስ የወገቡ ላስቲክ ረግቦ ይመጣል! አንዱም ተበጥሶ አይደለም እኮ።”

ነርሷ በማግስቱ ጣውላ ላይ ምስማር መታች። ላስቲክ አፍ ውስጥ የሚለጠጠውን ያህል አራርቃ አሥራ ሁለት ላስቲኮች ወጠረች፤ ለብ ባለ ውሃ ነከረቻቸው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ከፔርሙስ እየጨመረች በየቀኑ በትንሽ ባለ ስፕሪንግ ሚዛን እየሳበች ጉልበታቸውን መዘነች።

ደስ የሚለው ነገር እዚህ ላይ ነው! ላስቲክ ቀን በቀን እኩል እኩል የሚደክም ይመስለናል። አይደለም። ከሚያጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉን የጣለው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይላሽቃል። መቶ ግራም ይስብ የነበረው በማግስቱ ሰባ አምስት፣ በሦስተኛው ሳምንት ሃምሳም አልሞላ። አንዱም አልተበጠሰም።

ጣውላውን ለሐኪሙ አሳየችው።

“አናጢነት ጀመርሽ?” አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። “አፍ ውስጥ ምስማር የለም፣ ሲስተር።”

“ልክ ነዎት ዶክተር። ምራቅና ማኘክ ነው ያለው። ይብስበታል እንጂ ይሻለዋል?”

“ቀጠሮው ቀጠሮ ነው።” ጣውላውን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። የእውቀት ልኩ እዚያች ጫፍ ላይ ታየ።

አሁን ልጅቱ በየማለዳው፣ ሐኪሙ ሳይገባ፣ ክሊኒክ ትመጣለች። የትናንቱን ላስቲክ አውልቃ አዲስ ታጠልቃለች። ነርሷ የወለቀውን ትመዝናለች፤ ከዚያ በላይና በታች ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ጠቦ እንደሆነ በማስመሪያ ትለካለች። ለቀጠሮው አሥራ ሰባት ቀን ቀርቷል።

“ክፈቺ እስቲ፣ እናቴ። አትሳቂ፣ ማስመሪያው ይንሸራተታል።”