የፈታሿ አዲስ ትውውቅ

የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሹት እናት መነጽራቸውን በላስቲክ አስረው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል። ማንበብ የቻሉት ዘንድሮ፣ በስልሳ ዓመታቸው ነው። እስከዚያ የሚያነቡላቸው ባለቤታቸው ነበሩ፤ ባልየው ሲያነቡት ደግሞ "ልጆቼ ሆይ" የሚለው እንኳ ግሣጼ ይመስል ነበር።

አሁን ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እየጎተቱ "አት... ፍራ" ይላሉ። ቀና ብለውም፣ "እሺ ጌታዬ፣ አልፈራም" ብለው ይመልሳሉ።

ቦርሳዋን ከፍታ የምትጠብቅ አንዲት ጸሐፊ አዘነችላቸው። "እማማ፣ እኔ ላንብብልዎት?"

መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ለጥፈው በሳቅ ፈነዱ።

"ተይኝ ልጄ፣ ገና መተዋወቃችን ነው! ስንት ዘመን እግዜርን ቁጡ ነው ስል ኖሬ፣ ለካስ ቁጡው ባሌ ነው!"