የአባባ ሄራሞ ግድግዳ

ልጅ ሳለሁ፣ ሆሳዕና አጠገብ ባለችው መንደራችን፣ ተረት የሚወጣው ከግድግዳ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም አባባ ሄራሞ የሚሲዮን ክሊኒክ ዘበኛ ስለነበሩ፣ ፈረንጆቹ አንብበው የጣሏቸውን መጽሔቶች እየሰበሰቡ የጭቃ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋቸው ነበር። ማንበብ አይችሉም። ሲመሽ ግን ፍሙ ላይ እንጨት ይጨምሩና ኩራዙን ወደ አንዱ ሥዕል ያስጠጋሉ፤ ያኔ እኛ ልጆች ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን ኩራዙ ወደሄደበት አንገታችንን እናሰግጋለን።

እኔ የምወደው ከበሩ በስተቀኝ ያለውን ነበር። ነብር ይዘላል፤ ጠመንጃ የያዘ ነጭ ሰው አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ከፊቱ፣ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ጥቁር ሰው ሣጥን ተሸክሟል። የነጩ ግራ እጅ የተሸካሚው ጀርባ ላይ ነው። የአባባ ሄራሞ ተረት የተሸካሚው ተረት ነበር። ስሙ ላምቦሬ ነው፤ በሣጥኑ ለታመመች እናቱ መድኃኒት ይዞ ዘጠኝ ወንዝ ይሻገራል። ባለጠመንጃውስ ስንላቸው፣ «እንግዳ ነው። መንገድ ጠፍቶት አፉን ከፍቷል። እንዳይጠፋ ነው ላምቦሬን የያዘው» ይሉናል። በየወንዙ «ደረሰ?» እንላለን። ገና ነው ይላሉ። በመጨረሻ «ደረሰ» ብለው ኩራዙን እፍ ይሉታል።

ይህን ተረት ለባለቤቴ ለታምራት የነገርኩት በስልክ ነው። እሱ በተሰደድንበት አገር፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል የከተማ ዳርቻ፣ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ይዞ፣ እኔን «አንቺ ተማሪ» ብሎ በርቀት ኮሌጅ ያስመዘገበኝ ሰው ነው። ኮሮና ይዞት ሆስፒታል ሲገባ ጠያቂ አይፈቀድም ነበርና፣ አንዲት ነርስ ስልኩን ጆሮው ላይ ትይዝለት ነበር። መናገር ስለከበደው እኔ ተረኩለት። ትንፋሹ እየተቆራረጠ «ደረሰ?» ይለኛል። ስድስተኛው ወንዝ ላይ ነርሷ ይበቃዋል አለችኝ። ነገ እንጨርሰዋለን አልኩት። በማግስቱ አልነበረም።

ከወራት በኋላ፣ ዮቪል ሰፈር በተከራየናት ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ፣ በርካሽ ወረቀት ይታተሙ ስለነበሩ የድሮ የጀብዱ መጽሔቶች ለኮሌጁ ጽሑፍ አዘጋጅ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ስለተዘጋ ኢንተርኔት ላይ የተጫኑትን ገጽ በገጽ አነባለሁ። በየገጹ እኛን የሚመስል ሰው ወይ ያጎበድዳል፣ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ይሞታል። አንድ ቀን ነብሩ፣ የተከፈተው አፍ፣ ሣጥኑ ብቅ አሉ። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ማንበብ ጀመርኩ።

ተሸካሚው ስም የለውም። ባለጠመንጃው ጥይት እስኪያጎርስ ነብሩ እንዲዘገይለት ሰውየውን ገፍቶ ይሰጠዋል። ያ ጀርባ ላይ ያለው እጅ የሚገፋ እጅ ነበር። ከዚያ ስለሞተው አንድ ቃል ሳይል፣ ሣጥኑን አሁን ማን ይሸከምልኛል ብሎ ይነጫነጫል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ውስኪው ነው።

ተነስቼ እጄን ታጠብኩ፤ ደጋግሜ ታጠብኩ። ታምራት በተቀበረ በሦስተኛው ቀን የሱቁ ቤት አከራይ ደውሎ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ እንኳ ሳይል፣ «እና ሱቁን አሁን ማን ይከፍታል?» ያለኝ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ስለ ታሪኩ ለኮሌጅ መምህሬ ጻፍኩላት። ለዘመኑ ሰው የተለመደ አስተሳሰብ ነበርና ረጋ ብለሽ ጻፊ አለችኝ። ይህም አንገሸገሸኝ። አባባ ሄራሞም እኮ የዚያው ዘመን ሰው ነበሩ። ሳልረጋ ጽፌ አስገባሁ።

ከአባባ ሄራሞ ቤት የቀረልኝን ሳስብ፣ እሳቸው ያ እጅ ምን እያደረገ እንደነበር ሳያዩት ቀርተው ይሆን፣ ወይስ አይተውት በእኛ ፊት ሊሉት ተጸይፈው፣ እላለሁ። አላውቅም። እኔ ግን አሁን ሥዕሉን ባሰብኩት ቁጥር የሚታየኝ መገፋቱ ነው፤ ያንን ከዓይኔ የሚያነሣልኝ የለም። ያም ሆኖ ጽሑፉን ባስገባሁበት ምሽት መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኮስኩና፣ በታምራት ጎን በኩል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ላምቦሬን የቀሩትን ሦስት ወንዞች አንድ በአንድ አሻገርኩት።

«ደረሰ» አልኩት፤ ሻማውንም እፍ አልኩት።