በራሂማ እግር የታሰረች ታንኳ

አብዱልመጂድ ውዱእ ሲያደርግ የፕላስቲክ እግሩንም ያጥባል። ቀኝ ይቀድማልና የሚጀምረው ከእሱ ነው። ጣቶቹ ከአንድ ወጥ የተቀረጹ ናቸው፤ በመካከላቸው ጥፍር እንኳ በግድ የሚያስገባ ስንጥቅ ብቻ አለ። እሱ ግን ከጆጉ ውሃ እያፈሰሰ፣ በትንሿ ጣቱ የሐይቁን ጭቃ ከየስንጥቁ ያወጣል። ከዚያ ወደ ግራው፣ ወደ ሥጋው እግር ያልፋል።

አንድ ቀን የሰፈሩ ሼኽ በደጃፉ ሲያልፉ ይህን አይተው፣ «አብዱልመጂድ፣ ለሌለ እግር እኮ ግዴታ የለብህም፤ ለምን ትደክማለህ?» አሉት።

«አውቃለሁ ሼኽ» አለ ቀና ሳይል። «ግን ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ሲለፋ ውሏል። እሱን ከነጭቃው ትቼ እኔ ብቻ ብታጠብ ይቀየመኛል።»

ሼኹ ፈገግታቸውን በሳል ሸፍነው አለፉ። ሚስቱ ራሂማ ከግድግዳው ጥግ ቁጭ ብላ የደንገል ቅርጫት እየሰፋች ነበርና ሰማችው። ወስፌዋ አየር ላይ ቆመ። ከጥቂት ወራት በፊት ይኸው ሰው የሰው ሠራሽ እግር ወሬ በተነሣ ቁጥር «አታንሺብኝ» ይል ነበር። ሰው እንዲህ ተመልሶ ወደ ራሱ ሊመጣ ይችላል ብሎ ማን ያስባል?

አብዱልመጂድ ታንኳ ሠሪ ነው። ባሕር ዳር ላይ፣ ደንገሉ ከጣና ውሃ ጋር በሚሳሳምበት ዳርቻ ተወልዶ፣ ከአባቱ ተምሮ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንገል ሲያጭድ፣ ሲያደርቅና ሲያስር ኖሯል። የደንገል ታንኳ ዕድሜዋ አጭር ነው። ጥቂት ወራት ከሠራች በኋላ ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፣ ትሞታለች፤ ስለዚህ የሠሪው እጅ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

አሠራሩ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። የደረቀውን ደንገል አስተካክሎ መሬት ላይ ያጋድመዋል፣ ገመዱን ያዞርበታል፣ ከዚያ ባዶ እግሩን እስሩ ላይ ተክሎ ወደ ኋላ እየተለጠጠ ይስባል። እጅ ይጎትታል እንጂ መቼ እንደሚበቃ አያውቅም፤ የሚያውቀው እግር ነው። የደንገል ሆድ አየር ነው፣ ታንኳዋን የሚያንሳፍፋትም ያ አየር ነው። እስሩ ከላላ ደንገሉ ይበተናል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ይደቅና ውሃ ይጠጣል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ቀጭን ልክ አብዱልመጂድ በቀኝ ውስጥ እግሩ ያውቃት ነበር። ደንገሉ ከሥር መልሶ ሲገፋው «መለሰልኝ» ይልና ይቋጥራል።

የስኳር በሽታው መጀመሪያ የወሰደበት ያንን ስሜት ነው። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ደንገል ሲያጭድ የተቆረጠ ጉቶ ውስጥ እግሩን ወጋው። አልተሰማውም። በሦስተኛው ቀን ምንጣፉ ላይ ደም ያየችው ራሂማ ናት። በጥቅምት እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ከሆስፒታል ሲመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አንድ ልጃቸው ናኢማ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የምትማረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች መጽሐፍ ልታነብለት ትሞክር ነበር። እሱ «ጎሽ ልጄ» ይላል፤ ፊቱን ግን አያዞርም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከግድግዳው ሳይዞር፣ «ራሂማ» አለ።

«አቤት።»

«እግሬን ያሳክከኛል።»

«የቱን?»

በቀኝ ጉልበቱ ብርድ ልብሱን ገፋ አደረገ። ራሂማ ገባት። ጎንበስ አለችና ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ ሆኖ በቀረበት፣ እግሩ ሊኖር ይገባው በነበረበት ቦታ፣ ፍራሹን ታክከው ጀመር።

«ትንሽ ዝቅ በይ።»

ዝቅ አለች።

«ወደ ውስጥ በኩል። እ፣ እዚያ ላይ።»

የሌለው እግር ታከከለት፤ ማሳከኩንም ተወ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ራሂማ እስከ ዛሬ አታውቅም። መጀመሪያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ግን እያከከች፣ «የናኢማ አባት፣ ይኼ እግር በነበረበት ጊዜ እንዲህ አላስቸገረኝም» አለችው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይታ ደነገጠች። እየሳቀ ነበር።

ከዚያ ሳቅ በኋላ ነው ሰው ሠራሽ እግር ወደሚሰጥበት ማዕከል ለመሄድ እሺ ያለው። እዚያ ሔራን የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ባለሙያ በሁለት ብረቶች መካከል አቁማ መራመድ አስተማረችው።

«ጋሼ፣ እግርዎን አይዩት፤ የትም አይሄድም። ፊት ለፊት ይዩ።»

«ልጄ፣ አንዱንም እንዲሁ አምኜው ነው የሄደብኝ» አላት።

በሚያዝያ ከዘራውን ጣለ። ታንኳ እንዲሠራ ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ደንበኞቹ ሁሉ ወደ ወጣቱ ሠሪ፣ ወደ ሂሻም ዞረው ነበር። አንድ ጠዋት የድሮ ጓደኛው ሙኽታር መጣ። ሙኽታር ከሐይቁ ማዶ የደልጊ ተወላጅ የሆነ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ከአብዱልመጂድ የተረከባትን ታንኳ ሁሉ ሲሰድብ የኖረ፣ ግን ከእሱ በቀር ሌላ ሠሪ የማያምን ሰው ነው።

«ታንኳዬ ሞታለች» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «እስከ ጁምዓ አንድ እሰርልኝ።»

«ሂሻም አለልህ አይደል?»

«በሂሻም ታንኳ ዱዓ ሳደርግ ነው የምውለው፤ ዓሣ የማጠምድበት ጊዜ የለኝም።»

«አዝነህልኝ እንዳይሆን።»

«ለአንተ? አንተ ደረቅ መሬት ላይ ነህ። የማዝነው ለራሴ ነው።»

ሙኽታር ከሄደ በኋላ አብዱልመጂድ ለራሂማ እንዲህ አላት፦ «ይቺን ካሰርሁ ሠሪ ነኝ። ካቃተኝ ግን ሁለተኛ ስለ ታንኳ አታንሺብኝ። አንድ ጥግ ፈልጌ እቀመጣለሁ።» በቀልድ አልነበረም የተናገረው። ራሂማም ያ ጥግ የትኛው እንደሆነ ታውቃለች፤ አራት ወር ሙሉ ጀርባውን ያየችበት ነው።

ብቻውን ሠራ። ጫፍ ልያዝልህ ብትለው «ቅርጫትሽን ስፊ» አላት። አሥር እርምጃ ርቃ ተቀመጠች። ገመዱን አዞረ፣ የፕላስቲኩን እግር እስሩ ላይ ተከለ፣ ሳበ። ያኔ ራሂማ ድምፅ ሰማች። ቀጭን ድምፅ ነው፣ ደረቅ ቆሎ በሩቅ ሲቆረጠም የሚሰማ ዓይነት። ከልጅነቷ ጀምሮ ደንገል ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ ድምፁን አወቀችው። ደንገሉ እየደቀቀ ነው።

ግማሽ ተነሥታ አየችው። ላቡ በጉንጩ ይወርዳል፣ ጥርሱን ነክሷል፣ ዓይኑ ግን እንደ ሙሽራ ያበራል። መልሳ ተቀመጠች። በሁለተኛው ማሰሪያም፣ በአምስተኛውም ድምፁን ሰማች። ቅርጫቷን መስፋት ቀጠለች። በዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ለወራት በለሆሳስ ሲናገር ቆይቶ ነበርና እውነቱን ከፍ ባለ ድምፅ መናገር ከሁሉም አፍ ጠፍቷል።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሙኽታር ታንኳዋን ተረክቦ ሄደ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አብዱልመጂድና ራሂማ ወደ ዳርቻው ሲወርዱ ሙኽታር ከሐይቁ ሲመለስ ደረሱ። ታንኳዋ በአንድ ትከሻው እንስራ እንደተሸከመ ሰው ወደ ቀኝ አዘንብላ ነበር። የሙኽታር ሱሪ እስከ ወገቡ ረጥቧል።

«እንዴት ናት?» አለ አብዱልመጂድ።

«ማሻአላህ፣ ጥሩ ናት» አለ ሙኽታር ዓይኑን መረቡ ላይ አድርጎ።

የአብዱልመጂድ ፊት ሲለወጥ ራሂማ አየች። እግሩ እንደሚቆረጥ ሐኪሙ የነገረው ቀን እንኳ ፊቱ እንዲህ አልሆነም።

«ስደበኝ» አለ።

«ምን?»

«ስደበኝ አልሁህ። ውሃ ውስጥ ተቀምጠህ ነው የመጣህ። ድሮ ቢሆን ከሐይቁ መሐል ጀምረህ እየጮህህ ትመጣ ነበር።»

«ተው እንጂ አብዱልመጂድ።»

«የተቆረጠው እግሬ ነው፤ ጆሮዬ አለ። ስደበኝ።»

ሙኽታር ራሂማን አየ። ከዚያ መቅዘፊያውን ጭቃው ላይ ተከለ። «እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «ይቺ ታንኳ አይደለችም፤ የተነከረ ፍራሽ ናት።» ድምፁ ሞቀ። «ጣና ቢጎድል እሷ ጠጥታው ነው። ዛሬ እኔ አይደለሁም የቀዘፍሁት፤ ዓሦቹ አዝነውልኝ እየገፉ ነው ያደረሱኝ። ጠላት እንኳ ቢያስርልኝ እንዲህ አያደርገኝም፣ ጠላት እኮ እስክርቅለት ድረስ እንድንሳፈፍ ይፈልጋል።»

አብዱልመጂድ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማው። ሰው ከሩቅ አገር የመጣ የዘመድ ደብዳቤ ሲነበብለት እንደሚያዳምጥ። ሙኽታር ሲጨርስ፣ «እንዲህ ነው እንጂ» አለና በብዙ ጥረት ተንበርክኮ ታንኳዋን ዳሰሰ። በየማሰሪያው ሥር ደንገሉ ዱቄት ሆኗል።

«መልሱን ስጠብቅ ነበር» አለ ለራሱ። «ይኼ ፕላስቲክ ለካ ምንም አይነግረኝም።»

«ሲደቅ ድምፅ ነበረው» አለች ራሂማ ከኋላው።

ዞሮ አያት። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ አፍሽን ምን ያዘው?»

«ደስ ብሎህ ነበር።»

ሁለት ቀን አላናገራት። የኢንሱሊን መርፌውን ስትሰጠው ይቀበላል፣ ምግቡን ይበላል፣ ያመሰግናል። ማመስገኑ ነው ያንገበገባት፤ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ለእራት አመስግኗት አያውቅም። ወደዚያ ጥግ እንዳይመለስ ፈራች።

በሦስተኛው ጠዋት ግን ግቢው ውስጥ ደረቅ ደንገል ሲንኮሻኮሽ ሰምታ ወጣች። እስሩን አጋድሞ ገመዱን ይዞ ቆሟል።

«ነይ» አለ።

«የት?»

«እዚህ። ጫማሽን አውልቂ።»

የእሱን ደንገል በእግሯ ነክታው አታውቅም። ተረከዟ የተሰነጣጠቀ፣ ትንሽ እግሯን አነሣችና ከፕላስቲኩ እግር አጠገብ እስሩ ላይ አሳረፈች። አብዱልመጂድ ሳበ።

«ምን ይልሻል?»

«ምንም አይልም።»

«ታገሺ።» ደግሞ ሳበ።

ደንገሉ ከሥሯ መጀመሪያ ሸሸ፣ ቀጥሎ ተሰበሰበ። ከዚያ በእርግዝናዋ ወራት ናኢማ ሆዷን ከውስጥ ትገፋው እንደነበረው አድርጎ ውስጥ እግሯን መልሶ ገፋት። ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ይህን ሲሰማ ኖሮ ነው?

«በቃ» አለች።

«ገና ነው።»

«በቃ አልሁህ።»

«ሠላሳ ዓመት ያሰርሁት እኔ ነኝ።»

«የዛሬው እግር የማን ነው?»

ገመዱን እንደወጠረ ቆመ። ራሂማ የተናገረችው ነገር ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የከበዳት፤ ሆኖም አልመለሰችውም፣ ይቅርታም አልጠየቀችበትም። አብዱልመጂድ እግሯን አየ፣ እግሩን አየ። ከዚያ ቋጠረ።

በቀጣዩ ማሰሪያ ቸኩላ «በቃ» ስትለው እስሩ ላልቶ ተገኘና፣ «ምን ነካሽ፣ ፍየል ልታስሪ ነው?» ብሎ ጮኸባት። ራሂማ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፤ እንዳይታይባት እንጂ እየሳቀች ነበር። ድምፁ ከለሆሳስ ወጥቷል። እስከ ዐሥር ሰዓት ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ጎረቤት የተጣሉ መስሎት በአጥሩ አንገቱን አስግጎ፣ አይቷቸው፣ መልሶ ሄደ።

ሙኽታር በማግሥቱ አዲሷን ታንኳ ውሃው ላይ ሲያስቀምጣት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ቀኟም ግራዋም እኩል ነበር። ወደ ጥልቁ እየቀዘፈ ሲርቅ ሂሻም ከዳርቻው ቆሞ ሲያያት ቆየና፣ «ጋሽ አብዱልመጂድ፣ ይቺን ስታስር ማን አገዘህ?» አለ።

«ራሂማ ነቻ» አለ አብዱልመጂድ፣ ሌላ መልስ ሊኖር የማይችል ይመስል። «እኔ እስባለሁ፣ እሷ ታውቃለች።»

ከዚያ ማጭዱን ከመሬት አነሣ።

«ወዴት ነው?» አለች ራሂማ።

«ደንገል ላጭድ። ሁለት ሰዎች ጠይቀውኛል።»

«ልምጣ?»

«ለማጨድ እጅ ይበቃል። ለማሰሩ እጠራሻለሁ።»

«ቦቲህን ዳብሰኸዋል?»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ከግራ እግሩ ቦቲውን አወለቀ፣ እጁን እስከ ጫፉ አስገብቶ የሚወጋ ነገር እንዳለ ዳሰሰ፣ አራገፈ። ውስጥ እግሩንም አገላብጦ አሳያትና ቦቲውን መልሶ አደረገ። ራሂማ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ተነሥቶ ሄደ። በቀኙ ሲረግጥ ትንሽ ይዘገያል፣ በግራው ሲረግጥ ይፈጥናል። ደንገሉ ጋ ሲደርስ በግራ እጁ ገለጥ አደረገውና ገባ፤ አረንጓዴው መጀመሪያ ወገቡን፣ ቀጥሎ ትከሻውን፣ ቀጥሎ ቆቡን ዋጠው። ራሂማ አሁን እሱን ራሱን ማየት አልቻለችም። የሚሄድበትን የምታውቀው የደንገሉ ጫፎች አንድ በአንድ ሲነቃነቁ፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውሃው እየራቁ ሲሄዱ ነበር።