ሸካራ መሆን የነበረበት መግቢያ

ቤኤር ቱቪያ ውስጥ የምሠራበት መጋዘን አዲስ መግቢያ እየተሠራለት ነው። ዛሬ ጠዋት ከአውቶቡስ ስወርድ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ተቀበለኝና ገና ሥራ ሳልጀምር ደከመኝ።

ይህን ሽታ ያወቅኩት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። እስራኤል መጥተን ቂርያት ማላኺ ከተማ ከገባን ዓመት አልሞላንም ነበር። አባቴ የሲሚንቶ ወለል ሥራ አግኝቶ ነበር። ዕብራይስጥ ብዙም ስለማይገባው፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቀን እንድተረጉምለት ይዞኝ ሄደ። አለቃው በሲሚንቶ ማደባለቂያው ማሽን ጩኸት መሃል ብዙ ነገር ተናገረ። እኔ የያዝኩት ግን "ኻላክ" የምትለዋን ቃል ብቻ ነው።

"ለስላሳ አድርገው ነው የሚልህ፣ አባዬ" አልኩት።

አባቴ ተንበርክኮ የውስጡን ወለልም፣ ተዳፋቱን መግቢያም በብረት ማለስለሻ እያሸ እንደ መስታወት አወጣቸው። አለቃው ተመልሶ ሲያይ ጮኸ። ለካ መግቢያው ሰው እንዳያንሸራትት፣ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጭሮ መሻከር ነበረበት።

"ማነው ይህንንም አለስልስ ያለህ?" አለ። ለአባቴ ተረጎምኩለት።

አባቴ ወደ እኔ ሳያይ፣ ባለችው ዕብራይስጥ "ማንም። እኔ ነኝ ያልሰማሁት" አለ። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ የደረቀውን በመሮ እየወቀረ ሲያሻክር ዋለ።

ወደ ቤት ስንመለስ አለቀስኩ።

"አንቺ ብቻ ተናገሪ፣ ልጄ። የእኔ ዝምታ ለሁለታችንም ይበቃል" አለኝ። ያኔ የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ዕብራይስጡን ከማንም እኩል እናገራለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሲጮህብኝ ግን "ቤሰደር"፣ እሺ፣ ብዬ ወደ ካርቶኖቼ እመለሳለሁ።