ሰላጣ አሽታቿ ዶኛ ሶኮሮ

ከኅዳር እስከ መጋቢት ዩማ ከተማ ውስጥ ሰላጣ የማይነካ ሰው የለም። ገሚሱ ይቆርጣል፣ ገሚሱ ያጥባል፣ ገሚሱ ይጭናል፤ እኔና ዶኛ ሶኮሮ ደግሞ በርገር ውስጥ እንከታለን። በርገር ቤታችን አውራ ጎዳናው ዳር ነው። ቆሻሻ ልደፋ በጓሮ በር ስወጣ ከአጥሩ ማዶ አረንጓዴው ማሳ እስከ ተራራው ግርጌ ተዘርግቶ ይታየኛል። እዚያ የሚቆረጠው ሰላጣ ግን አጥሩን ተሻግሮ እኛ ዘንድ አይመጣም። መጀመሪያ በመኪና ተጭኖ ፋብሪካ ይሄዳል። እዚያ ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ በላስቲክ ይታሸጋል። ከዚያ ሌላ ከተማ ያለ መጋዘን ገብቶ ይሰነብትና አገር ምድሩን ሲዞር ከርሞ ወደ እኛ ይመለሳል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን አንድ ቀን ማናጀራችንን ዱዌይንን ጠይቄው ነበር። «አሠራሩ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄው አላውቅም፤ የምጠይቅበት ጉልበትም የለኝም።

ዶኛ ሶኮሮ (ዶኛ በኛ በስፓኒሽ እመቤት እንደ ማለት ነው) አበልጄ ናቸው፤ ትልቋን ልጄን ክርስትና ያነሱልኝ እሳቸው ናቸው። ከበርገር ቤቱ በፊት ሃያ ምናምን ዓመት ሰላጣ ቆርጠዋል። በብርዱ ወራት እዚህ፣ በሙቀቱ ወራት ሳሊናስ የሚባል ከተማ፣ ሰላጣው በሄደበት እየሄዱ። ጎንበስ፣ ቆረጥ፣ ቀና፣ እንደገና ጎንበስ። በመጨረሻ ወገባቸው እምቢ አለ። ቢላዋ ሲጨብጥ የኖረው እጃቸውም ጣቶቹ አልዘረጋ ብለው እንደታጠፉ ቀሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ሁለቱ ልጆቻቸው በየፊናቸው ሄደው ለገና ይደውላሉ። ከማሳው ይዘውት የወጡት ነገር ቢኖር አፍንጫቸው ነው።

ሥራ ሊጠይቁ የመጡ ቀን እኔ ነኝ ያስተረጎምኩላቸው፤ እንግሊዝኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። የያኔው ማናጀር ሽማግሌ ሰው ነበር። ማቀዝቀዣው ክፍል በር ላይ ቆሞ ስለ ደሞዝና ስለ ፈረቃ ሲነግራቸው ዶኛ ሶኮሮ እሱን ትተው አየሩን ያሸታሉ።

«ቼላ፣ ከታች ያለው ካርቶን ሞቷል ብለሽ ንገሪው» አሉኝ።

ነገርኩት። ካርቶኑ ሲከፈት ሰላጣው ውሃ ሆኗል። ሽማግሌው ሆዱን ይዞ ሳቀና፣ «ይችን አፍንጫ ቀጥሬያለሁ!» አለ። ሰውዬው ሲቀልድ ነው። ዶኛ ሶኮሮ ግን እንደ ውል ነው የያዙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ከረጢት ሳያሸቱ ከፍተው አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰላጣው ሙሉውን ሲሆን ዕድሜውን ግንዱ ይናገራል። አሁን የተቆረጠ ነጭ ወተት ያንጠባጥባል፤ ሲያድር ሮዝ ይሆናል፤ ሲሰነብት እንደ ምስማር ይዝጋል። የተከተፈ ሰላጣ ግን ግንድ የለውም። ላስቲኩ ውስጥ የሚሞሉት አየርም እንዳይጠቁር ስለሚያደርገው ዓይን ይታለላል። የሚቀረው ሽታው ነው። ዶኛ ሶኮሮ ላስቲኩን ቀደድ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ይስባሉ። ደህና ከሆነ ትሪው ላይ ይገለብጡታል። የከረመ የአበባ ውሃ ከሸተታቸው ወደ ቆሻሻ።

ከዚያ በኋላ ነው ስቲከር የሚለጠፈው። ከረጢቱ የተከፈተበት ቀንና የሚደፋበት ቀን ይጻፍበታል። ዶኛ ሶኮሮ ስቲከሩን የሚለጥፉት የታዘዙትን ለማድረስ ያህል ነበር።

አርብ አርብ ሰላጣ ቆራጮቹ ከነቦት ጫማቸው ይመጣሉ። ሁሉም የሚያዙት ያለ ሰላጣ ነው።

«ለኔ ያለ ሰላጣ፣ ዶኛ!»

«ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?»

«ቀኑን ሙሉ አብሬው ውዬ ደግሞ አብሬው እራት ልብላ? ሚስቴ እንኳን እንዲህ አላደረገችኝም!»

እሳቸው ግን ይቆጧቸዋል። «የኔን ሰላጣ ሳትቀምስ አትናገር፤ እናንተ የምትቆርጡትን እኔ ነኝ ለሰው አፍ የማበቃው» ይላሉ። ያን ሲሉ ወገባቸው ራሱ ቀና ይላል።

ካቻምና በብርዱ ወራት አንድ ክፉ ጉንፋን ከተማውን አዳረሰው። ዶኛ ሶኮሮ ሳምንት ተኝተው ተነሱ። ከተመለሱ በኋላ አንድ ጠዋት ድንች መጥበሻው ጋ ቆሜ ሳለሁ ሽታ መጣብኝ። ዞር ስል እሳቸው የተቀደደ ከረጢት አፍንጫቸው ሥር ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ደህና ነው» ብለው ትሪው ላይ ሊገለብጡት ነው።

«ዶኛ! ይሄ እኮ ገምቷል!»

ክንዴን ያዙና ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ጎትተው አስገቡኝ። በሩን ዘጉት።

«ዝም በይ። ምንም አይሸተኝም፣ ቼላ። ሽንኩርቱም፣ ሳሙናውም፣ የራሴ ብብትም አይሸተኝም።»

«ሐኪም ዘንድ ይሂዱ እንጂ!»

«ሄድኩ እኮ። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለኝ። ለዚህማ እኔም ሐኪም ነኝ።»

ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። «ለጡረታዬ ሁለት ክረምት ነው የቀረኝ» አሉ። «ይሄን ሥራ ካጣሁ በዚህ ወገብ ማን ይቀጥረኛል? እነዚህ ሰዎች የቀጠሩት አፍንጫዬን ነው። አፍንጫው ከሞተ እኔን ምን ያደርጉኛል?»

አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል። ባላቸውን ሲቀብሩ እንኳ ፊት ለፊቴ አላለቀሱም፤ ያን ቀን ግን ዓይናቸው ሞላ። «በሉ ይተዉት፣ እኔ አሸትልዎታለሁ» አልኳቸው።

እንዲህ ተስማማን። እሳቸው ከረጢት ሲቀድዱ እኔ የሆነ ነገር ይዤ በአጠገባቸው አልፋለሁ። ደህና ከሆነ ዝም፤ ከተበላሸ አስላለሁ። ድንች እየጠበስኩ፣ ወለል እየወለወልኩ፣ የሰው ትእዛዝ እየተቀበልኩ፣ በየመሀሉ እየሮጥኩ አሸትታለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ እግሬ የኔ አይመስለኝም። ልጄ ያበሰለችውን ከመቅመሴ በፊት ሳላስበው አሸተዋለሁ፤ «እማዬ፣ ክርስትና እናቴን ሆንሽ» ትለኛለች።

ጥር ላይ እኔን ራሴን ጉንፋን ያዘኝ። ደረቴ እስኪቀደድ አስላለሁ። ዶኛ ሶኮሮ ከረጢት ይቀድዳሉ፣ እኔ አስላለሁ፣ እሳቸው ይደፋሉ። ሌላ ይቀድዳሉ፣ አስላለሁ፣ ይደፋሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር አላየሁም። በመጨረሻ መጥተው በጆሮዬ፣ «ቼላ፣ ዛሬ አንድ እንኳ በሕይወት የተረፈ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«ጉንፋን ነው፣ ዶኛ! የራሴ ሳል ነው!»

የቆሻሻ በርሜሉ አፉ ድረስ ሞልቷል፤ ደህና ሰላጣ። ዱዌይን መጣና በርሜሉን አየ፣ እሳቸውን አየ። ዱዌይን ክፉ ሰው አይደለም። ሦስት ልጆች አሉት፣ ለጨጓራው ክኒን እንደ ቆሎ ይቆረጥማል።

«ሶኮሮ፣ ምን ተፈጠረ?» አለ፤ እኔ አስተረጎምኩ።

«አፍንጫዬ አልተቀበለውም በይው» አሉኝ።

ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ያን ቀን ለምሳ የመጣ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ እንደ ሰላጣ ቆራጭ በላ። እኛ ጓዳ ገብተን ሳቅን፤ እኔ ስስቅ ደግሞ ያስለኛል፣ ሳስል እሳቸው ይበልጥ ይስቃሉ።

ከዚያ በኋላ ግን የሚያስቅ ነገር አልመጣም። የካቲት ላይ ዱዌይን ሰው ከመኪናው ሳይወርድ የሚያዝበት መስኮት ላይ መደበኝ። እዚያ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ አፍንጫዬ ላይ የመኪና ጭስ ነው። ከሰላጣው ጠረጴዛ ርቄ ቀረሁ። ከሩቅ ሳያቸው ከረጢቱን ቀደው ይስባሉ፣ እንደገና ይስባሉ፣ ከዚያ በሰዎቹ ጀርባ መሀል እኔን ይፈልጋሉ። እኔ እጄን ከመዘርጋት ሌላ ምን አደርጋለሁ? በእምነት ይገለብጡታል። በዚያ ወር ከስተው የሥራ ሸሚዛቸው ሰፋቸው።

የፈሩት ደረሰ። አንዲት ሴትዮ የነከሰችውን በርገር መልሳ ይዛ መጣች። እኔ ተቀበልኳት። ስከፍተው ሰላጣው አልጠቆረም፣ ሽታው ግን ፊት ይመልሳል። ገንዘቧን መለስንላት፤ እሷ ግን ለድርጅቱ ዋና ቢሮ ስሞታዋን አሰማች። ማክሰኞ ተቆጣጣሪ እንደምትመጣ ዱዌይን ነገረን።

ማክሰኞ ጠዋት ዶኛ ሶኮሮ ፀጉራቸውን እንደ እሑድ ተሠርተው መጡ።

«ሳያወጡብኝ እኔው ልናገር» አሉኝ።

«እንዳያደርጉት! ማን ያውቃል? ዝም ይበሉ፣ ያልፋል።»

«ደክሞኛል፣ ቼላ። የሥራው ድካም አይደለም፤ እሱን ከልጅነቴ ለምጄዋለሁ። መደበቁ ነው የደከመኝ። ሰው እዚህ ዕድሜ ደርሶ ሰላጣ አሸተትኩ ብሎ ይዋሻል? ተርጉሚልኝና ይለቅልኝ።»

ተቆጣጣሪዋ ረዘም ያለች፣ ጫማዋ እግሯን የያዛት፣ ፊቷ እንደኛው የደከመ ሴት ነበረች። ማቀዝቀዣውን ለካች፣ ጠረጴዛውን በእጇ ዳሰሰች፣ ትሪዎቹ ላይ ያሉትን ስቲከሮች አንድ በአንድ አየች። ዱዌይን ከኋላዋ ክኒኑን ይቆረጥማል። ሰላጣው ጋ ስትደርስ ዶኛ ሶኮሮ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊቷ ቆሙ። እኔንም ከመስኮቱ ጠሩኝ።

«በያት» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው በያት። ያ ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ሞተ። ለማንም አልተናገርኩም። ያቺ ሴትዮ የገማውን የበላችው እኔ ማሽተት ስላልቻልኩ ነው። የቀጠራችሁኝ ለሱ ነበር፤ እንግዲህ የምታደርጉኝን አድርጉኝ።»

ተረጎምኩላት። ሴትዮዋ ዱዌይንን አየችው።

«ምን አፍንጫ?» አለችው።

«እኔ እንጃ» አለ ዱዌይን። የምሩን ነው።

«ስቲከሩ ትክክል ነበር?»

«ትክክል ነበር። ገና ሁለት ቀን ይቀረው ነበር።»

«እንግዲያው የሠራተኛ ጥፋት የለም» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «እባክሽ ይሄን ንገሪልኝ። ምግብ ላይ አፍንጫ ማስጠጋት አይፈቀድም፤ ለንጽሕና ነው። ካሁን በኋላ እንዳያደርጉት። የሚሠራው በስቲከሩ ነው። በስቲከሩ በኩል ሥራቸው በጣም ጥሩ ነው።»

ዱዌይን እፎይ ብሎ ዶኛ ሶኮሮን ትከሻቸው ላይ መታ መታ አደረጋቸው። «አይዞሽ፣ ማንም አያባርርሽም! ለዚህ ብለሽ ነው የተጨነቅሽው?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እነሱ ግን ሞኞችም አልነበሩም። የዋህ ፊት ነበራቸው፣ ደግ የሠሩ መስሏቸዋል። ቃላቸውን ለስለስ አድርጌ ልተረጉመው ፈለግኩ። በምን ይለስልሳል? እንዳለ ነገርኳቸው።

ዶኛ ሶኮሮ ኮፍያቸውን በእነዚያ በታጠፉ ጣቶች ይዘው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር?» አሉኝ።

«ምኑ፣ ዶኛ?»

«ሁልጊዜም በስቲከሩ ነበር? እኔ ደህና በነበርኩ ጊዜም? እስቲ ጠይቂልኝ።»

ባልጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር። ዱዌይንን ጠየቅኩት።

«አዎና» አለ። «ሁልጊዜም።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ኮፍያቸውን አጠለቁ። ተቆጣጣሪዋ ሄደች፣ ዱዌይን ቢሮው ገባ። ሥራቸው ተርፏል፣ ጡረታቸውም ተርፏል፤ እንኳን ደስ አለዎት ማለት ነበረብኝ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ሰልፉ በሩ ድረስ ወጥቷል፣ የሰላጣው ትሪ ደግሞ ባዶውን ነው። ትናንት ተከፍቶ በተረፈው ከረጢት ሊሞሉት አነሡትና የታሠረበትን ፈቱት። እኔ ገና አጠገባቸው ነበርኩ፤ ሽታው ወዲያው መታኝ።

«ዶኛ» አልኳቸው፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳልል። «ይሄኛው ገምቷል።»

ከረጢቱን ከፊታቸው አርቀው ያዙት። ገልበጥ አድርገው ስቲከሩን ፈለጉ፣ አገኙት፣ አነበቡት።

«ሐሙስ ይላል» አሉኝና ሁሉንም ትሪው ላይ ገለበጡት።